እንግዶቹ ሊመጡ 9 ቀን ሲቀር ትኋን አገኘሁ

የባለቤቴን ታላቅ እህት «እትዬ» ነው የምላቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ዘንድ 10 ቀን ሊቆዩ ተነጋግረን ጨርሰናል። ሊመጡ 9 ቀን ሲቀራቸው የእንግዳ ክፍሉን ላሰናዳ ገባሁና የአልጋውን አንሶላ ገፍፌ ፍራሹን ከራስጌው በኩል ብድግ አደረግሁት። ስፌቱ ላይ በቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ ነካ ነካ የተደረገ የሚመስል ነጠብጣብ ተደርድሯል። መጀመሪያ ሻጋታ መሰለኝ። ጨርቅ አርሼ ፈተግ ሳደርገው ግን ነጠብጣቡ ሟሙቶ ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀለም ሆነና ጨርቁ ላይ ተለቀለቀ። ሻጋታ እንደዚያ አይሆንም። የትኋን ኩስ ነው፤ ተፈጭቶ የወጣ የሰው ደም።

የስልኬን መብራት አብርቼ የጠርዙን ስፌት በጥፍሬ ገለጥ ሳደርግ አንዱ ወጣ። መጠኑም ጠፍጣፋነቱም ምስር ነው፤ መልኩ ቀላ ያለ ቡኒ። እንደ ቁንጫ አልዘለለም፣ ክንፍም የለውም፤ መብራቱን ሸሽቶ ወደ ስፌቱ ተመልሶ ሊገባ ይሄዳል። ከጎኑ ባዶ ገለፈት አለ፤ ቅርፁ ቁርጥ ትኋን ነው፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ትኋን ከእንቁላል ወጥቶ እስኪያድግ 5 ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ በለወጠ ቁጥር ደግሞ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ደም መጥባት አለበት። በዚያች ሰዓት ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው እትዬ እዚህ አልጋ ላይ ሊተኙ መሆኑን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከሥራ አምሽቶ ሲገባ እኔን እንዳይቀሰቅስ እዚያ ክፍል ነበር የሚተኛው። ለሁለት ሳምንት ያህል ክንዱን ሲያክ ከርሟል፤ ሦስት አራት ቀይ እብጠት በመስመር። ትንኝ ነው አልን። እኔ ገላዬ ላይ ምንም ስላልነበረ ትኋን የሚባል ሐሳብ በአጠገባችን አላለፈም። በኋላ የራሴን አልጋ ስፈትሽ እዚያም ነበሩ! ለካ እኔንም ሲጠቡኝ ኖረዋል። አንዳንድ ሰው ቢነከስም ቆዳው ምንም አያሳይም፤ ሌላው ደግሞ እብጠቱ የሚወጣለት እስከ 14 ቀን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «እኔን አልነከሰኝም» ብላችሁ አልጋችሁን ነፃ አታድርጉት። ምስክሩ ፍራሹ ነው።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ያን ዕለት ማታ ሁለት ቆርቆሮ ፍሊት በፍራሹ፣ በግድግዳው፣ በመጋረጃው ላይ ነፋሁበት። ፊት ለፊት ያገኘኋቸው ጥቂቶቹ ተገለበጡ። የቀሩት ጠለቅ ወዳለ ስንጥቅ ገቡ። ባለቤቴን ደግሞ «እዚያ አትተኛም» ብዬ ሳሎን ሶፋ ላይ አነጠፍኩለት። በሁለተኛው ቀን ማለዳ የሶፋውን ትራስ ሳነሳ አንድ ደም የጠገበ፣ ቀይና ረዘም ያለ ትኋን አገኘሁ። በብርድ ልብሱ ተሸክሞት ይምጣ፣ ራሱ ተከትሎት ይምጣ አላውቅም። ትኋን የተኛን ሰው በሚያወጣው ትንፋሽና በገላው ሙቀት ነው የሚፈልገው። ሰውየው ክፍል ሲቀይር የራበው ፍለጋ ይወጣል፤ ያልወጣውም ሳይበላ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ችግሩን በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ክፍል አስፋፋሁት ማለት ነው። በነገራችን ላይ ክፍሉ መሃል ተቀምጦ ጭስ የሚተፋውን ቆርቆሮም ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ የተውኩት ስላለቀባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት ዓይነት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ከየቤቱ በተሰበሰቡ ትኋኖች ላይ ሞክረው እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አላገኙበትም። ጭሱ ወደ ስንጥቁ አይገባማ፤ ትኋኑ ደግሞ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ሊመጡ 6 ቀን ሲቀር ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ጠራሁ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ገብተው መድኃኒቱን አላወጡም፤ መጀመሪያ የያዙት የእጅ ባትሪና ካቻቪቴ ነው። አልጋውን ከግድግዳ አላቀው ራስጌውን የያዙትን 4 ብሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ። ሦስቱ ቀዳዳ ባዶ ነበር። አራተኛው ላይ ባትሪውን አስጠግተው «ነይ እይው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በብሎኑ ቀዳዳ አፍ ዙሪያ ልክ እንደ ቅጫም ነጫጭ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ እንቁላሎች ተጣብቀዋል፤ መሃላቸው ደግሞ ሁለት ትልልቅ ትኋኖችና አሸዋ የሚያካክሉ፣ ውስጣቸው የሚታይ ልጆቻቸው ተሸጉጠዋል። ሆዴ ተገለበጠ። እኔ ግን ፍራሹን ብቻ ነበር ሳሽ የከረምኩት።

«ፍራሹን ብትጥይው እነዚህ ምን ይሆናሉ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ አልረሳውም፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልጋውን ከነፍራሹ አውጥቼ ለመጣል ወስኜ ነበርና። ተሸክመን ስናወጣ በየበሩና በየደረጃው እየረገፉ ይሄዳሉ፤ ደጅ ላይ ያየው ሰው ደግሞ ደኅና ዕቃ መስሎት አንስቶ ቤቱ ይወስደዋል። ግድግዳና ወለል ውስጥ የቀሩት አዲሱን አልጋ ይጠብቃሉ። መጣል የግድ ከሆነ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ማንም እንዳይገለገልበት ቀዶና «ትኋን አለው» ብሎ ጽፎበት ነው።

ከዚያ ዋናውን ነገሩኝ። መድኃኒቱ እንቁላሉን አይነካውም ማለት ይቻላል። እንቁላሉ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከ6 እስከ 10 ቀን ይፈለፈላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መርጨት የግድ ነው፤ አንዳንዴም ሦስተኛ ዙር። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ዲዲቲን የለመደ ትኋን ታይቷል፤ ዛሬ ደግሞ በሱቅ ፍሊት ውስጥ ያለውን የፓይረትሮይድ ዘር መድኃኒት የለመደው ብዙ ነው። «በ6 ቀን ቤቱን አጸዳልሻለሁ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ሊበላ ነው» አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ግን እውነቱን ስለነገሩኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

እንግዲህ 6 ቀን ትኋንን ከቤት ለማጥፋት አይበቃም። አንድን አልጋ ትኋን የማይወጣበት ለማድረግ ግን ይተርፋል። ልፋቴን ሁሉ ቤቱን ከማጽዳት ወደ እንግዳው አልጋ ያዞርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስልክ መደወል ነበረብኝ። ባለቤቴ «ዝም በያቸው፣ ምን አስቸኮለሽ» ይላል። እኔም ልቤ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ገመና ነው፣ ቤቷ ቆሻሻ ነው መባል አለ። (ትኋን ንጽሕና አይመርጥም፤ የሚፈልገው ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ከተማ በትኋን ስትታመስ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ሲያወራ ነበር። ይህን እያወቅሁም አፍሬያለሁ።) ያስወሰነኝ የልጆቹ ሻንጣ ነው። ሳልነግራቸው መጥተው ሻንጣቸው ውስጥ አንዲት ያረገዘች ትኋን ገብታ ብትሄድ እዚያ ቤት ሌላ ታሪክ ይጀመራል። አንዷ ሴት በዕድሜዋ 200 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች።

«እትዬ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልነግርዎ ነው» አልኳቸው።

«ምነው? ወንድሜ ደኅና ነው?»

«ሁላችንም ደኅና ነን። ቤታችን ትኋን ገብቶብናል።»

ዝም አሉ። ልቤ ድው ድው ይላል። «ለዚህ ነው ድምፅሽ እንዲህ የሰለለው? እኔኮ ሰው የሞተ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳቸውም ትልቁ ልጅ ጨቅላ እያለ ወራት ሙሉ ሲታገሉት እንደነበር አጫወቱኝ። «ወንድሜ አያውቅም፤ እንዳትነግሪው።» አልነገርኩትም፤ ይህን ካነበበ እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ። ጉዞውን ለማዘግየት ወይም ሌላ ቦታ ለማረፍ ከፈለጉ ቅር እንደማይለኝ ነግሬያቸው ነበር። «እመጣለሁ፤ ይዤው እንዳልመለስ ብቻ እንዴት እንደምናደርግ ንገሪኝ» አሉ። የከበደኝ ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ።

እንግዳችሁ ግን አይመቸኝም ቢል ፊት አትንሱት። ሕፃን የያዘ፣ አለርጂ ያለበት ወይም ትኋን ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ከሆነ ቀኑን ማሸጋገር ይሻላል። ትኋን በንክሻው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ እንቅልፍ መንሳቱና ማሳከኩ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ትኋንን የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። ሁሉ ቦታ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከደረሰ ትልቁም እንቁላሉም ያልቃል፤ ትልቁ ችግር ሙቀቱ እጥፋቱና ስፌቱ ድረስ መድረሱ ነው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ፒጃማ፣ ሁሉንም እዚያው ክፍል ውስጥ ላስቲክ ከረጢት ከትቼ አፉን አሰርኩ። ሳይታሰር አንድም ጨርቅ በኮሪደር እንዳያልፍ። ማሽኑ ጋ ስደርስ ልብሱን ገልብጬ ባዶውን ከረጢት ወዲያው በሌላ ከረጢት ውስጥ አስሬ ጣልኩት። መታጠብ የሚችለው በ60 ዲግሪ ታጠበ። ከዚያ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ፤ ማሽኑ እስኪሞላ አታጭቁት፣ መሃሉ አይሞቅም። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ልብስ መታጠብ ሳያስፈልገው በቀጥታ ማድረቂያ ውስጥ ቢገባ ይበቃዋል፤ ይህን ባውቅ ኖሮ የሁለት ቀን አጠባ ይቀርልኝ ነበር። ማድረቂያ የሌለው ሰው በጣም ሞቃት ውሃና ካውያ አለው። ካውያውን በስፌትና በእጥፋት ላይ ቀስ እያሉ መሄድ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ደስ ይላል እንጂ አያስተማምንም፤ ጥላ ወደ ሆነው ጎን ይዞራሉ። የታጠበው ሁሉ ሌላ አዲስ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ይቆያል እንጂ ወደ ቁም ሳጥኑ አይመለስም።

የልጆች መጫወቻና መጻሕፍት ፍሪዘር ውስጥ ገቡ፤ በላስቲክ ታሽገው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ቢያንስ 4 ሙሉ ቀን። ወፍራም መጽሐፍ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ስለሚዘገይ ቀን ጨምሩለት። ተራ ማቀዝቀዣ አይሠራም።

የአልጋው እንጨት የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነበር። ርብራቡን አንድ በአንድ አነሳን። በቫኪዩም ማሽን ቀጭን አፍ ስንጥቁን ሁሉ ሳብን፤ እንቁላሉ በራሱ ሙጫ ስለሚጣበቅ ቫኪዩም ብቻውን አይነቅለውም፣ በአሮጌ ካርድ ጠርዝ እየፋቅሁ ነው የሳብኩት። ከረጢቱን ወዲያው አውጥቶ፣ አስሮ፣ ደጅ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው። ቀጥሎ የእንፋሎት ማሽን ተከራየን። እዚህ ጋ ምክሬ አንድ ነው፤ አትቸኩሉ። አፉን ከእንጨቱ ጋር አስጠግታችሁ ጣት በጣት ነው የምትሄዱት። እንፋሎቱ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ትኋኑን ሳይገድል ያስፈነጥረዋልና ሰፊውን አፍ ግጠሙለት፤ ወይም ጨርቅ ጠቅልሉበት። ሶኬት አጠገብ እንፋሎት አይነካም። ኮመዲኖውን ገልብጠን የመሳቢያዎቹን ሥር አየን፤ ሁለት ነበሩ። ከሥዕሉ ጀርባ አንድ። ከተኛው ሰው ሁለት ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው አብዛኛው የሚገኘው፤ ስለዚህ ጣሪያና ወጥ ቤት ስትፈትሹ ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

ፍራሹ ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ የፍራሽ ልብስ ለበሰ፤ ለትኋን ተብሎ የተሠራው። ውስጥ የቀረ ትኋን ካለ እዚያው ይታፈንና በረሃብ ያልቃል፤ ግን ረሃብ ይችላል፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ ዓመት። ስለዚህ ልብሱ ከዓመት በላይ አይወልቅም። የእኔ ዚፕ መጨረሻው ላይ ስንዴ የምታህል ክፍተት ነበረችው፤ በፕላስተር አሸግኋት። የዚህ ልብስ ሌላው ጥቅሙ ፍራሹ ነጭና ስፌት አልባ መሆኑ ነው፤ አዲስ ነጠብጣብ ቢወጣ ከሩቅ ይታያል።

ከዚያ አልጋውን ደሴት አደረግነው። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ራቀ። ብርድ ልብሱ ወለል አይነካም። አልጋው ሥር ባዶ ነው፤ ሻንጣ የለም፣ ጫማ የለም። አራቱም እግሮች ወጥመድ ሳህን ውስጥ ቆሙ። ወጥመዱ ቀላል ነገር ነው፤ ትኋን ሻካራ ነገር ላይ ይወጣል፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ፕላስቲክ ላይ ግን ይንሸራተታል። የተሠራውን መግዛት ይቻላል። እኛ ሁለት ስላነሱን በቤት ሠራን፤ ትልቅ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ ጎድጓዳ፣ የአልጋው እግር ትንሹ ውስጥ። የትልቁን የውጭ ጎን መውጣት እንዲችል ሻካራ ፕላስተር ለጠፍንበት፤ የሁለቱን የውስጥ ግድግዳ ታልከም ፓውደር በስሱ ቀባን። ከወለል ሲመጣ ትልቁ ውስጥ ይወድቃል፤ ከአልጋው ሲወርድ ትንሹ ውስጥ። የት እንዳለ በዚህ ታውቃላችሁ። የዱሮ ሰዎች በባልካን አገሮች ማታ ማታ የአደንጓሬ ቅጠል ወለል ላይ እየበተኑ ጠዋት ከነትኋኑ ያቃጥሉት ነበር አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንቲስቶች ሲያዩት እውነትም የቅጠሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች የትኋኑን እግር ይወጉታል። ደስ ብሎኝ አነበብኩት፤ እኔ ግን በሳህኑ ጸናሁ።

ባለሙያው ዞኮሎውን ተከትለው ረጩ፤ የሶኬቶቹን ሽፋን ከፍተው ደረቅ ዱቄት በስሱ ነፉ፤ ፍራሹ ላይ ግን ምንም አላደረጉም። ዳያቶማይት የሚባለውን ዱቄት እኔም አውቀው ነበር፤ የተባዩን ቆዳ ቅባት እየመጠጠ ያደርቀዋል። ስህተቱ ሰው እንደ ዱቄት ይዘራዋል። ከተከመረ ትኋኑ ዞሮ ያልፋል፤ ሰው ደግሞ ይተነፍሰዋል። ዓይን ለይቶ የማያየው ስስ ሽፋን ነው የሚፈለገው፤ ያውም ልጅ በማይደርስበት ስንጥቅ። አልኮልና ነጭ ጋዝ አልጋ ላይ መርጨት የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። አልኮል የሚገድለው በቀጥታ የነካውን ብቻ ነው፤ በእሱ ምክንያት የተቃጠለ ቤት ግን አለ።

እኔና ባለቤቴስ የት እንተኛ? እዚያው የየራሳችን አልጋ ላይ ነው የተባልነው፤ ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን። እንግዶቹ እስኪገቡ እሱ የእንግዳ አልጋው ላይ ተኛ፤ ወጥመዱ የሚሠራው ከላይ ሰው ሲተኛ ነውና። በመጀመሪያዎቹ 4 ሌሊቶች 7 ትኋን ያዝን፤ ሁሉም ከወለል በኩል። አምስተኛው ሌሊት አንድም የለም። ደስታዬን ያዩልኝ ሳህኖቹ ብቻ ናቸው።

እትዬ መጡ። ሻንጣዎቹ በየትልቅ ላስቲክ ከረጢት ታስረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴራሚኩ ላይ ተቀመጡ፤ ልብስ እዚያው ይወጣል፣ እዚያው ይመለሳል። የለበሱት ማታ ማታ ወደ ማድረቂያ። እትዬና ታናሿ ልጅ ትልቁ አልጋ ላይ፣ ልጁ ተጣጣፊው የሽቦ አልጋ ላይ ተኙ። የብረት አልጋ ትኋን አይዘውም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ቱቦው ጫፉ ክፍት ከሆነ ደኅና አድርጎ ይይዘዋል። በፕላስተር ደፍኜው ነበር።

ወጥመዱን የመፈተሽ ሥልጣን ወዲያው ከእጄ ወጣ። ልጆቹ በየጠዋቱ የእጅ ባትሪ ይዘው በሆዳቸው ይተኙና ሳህን በሳህን ያያሉ። በአራተኛው ቀን ጩኸት ሰማሁ። «ያዝነው! ያዝነው!» እትዬ ጋቢያቸውን ሰብስበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ፣ ገና ሦስተኛ ቆዳውን ያልቀየረ የሚመስል፣ ሆዱ ባዶ፤ በውጭኛው ሳህን ውስጥ ዱቄቱ ላይ ይዳክራል። «ሳይበላ ነው የተያዘው፤ ይብላኝለት» አሉ እትዬ። በ10 ቀን ውስጥ የተያዘው እሱ ብቻ ነው። ታናሿ አንገቷ ላይ አንድ እብጠት ወጥቶባት ነበር፤ ትኋን ይሁን ትንኝ በእብጠቱ ብቻ መለየት አይቻልምና አልተከራከርኩም።

ሲሄዱ ያላቸው ልብስ በሙሉ 30 ደቂቃ ማድረቂያ ውስጥ ገብቶ በቀጥታ አዲስ ከረጢት ውስጥ ታሰረ። ሻንጣዎቹን ዚፑን፣ የጎማውን ቤት፣ የእጀታውን ሥር በባትሪ አየን፤ በቫኪዩም ሳብን። ቤታቸው ሲደርሱም ሻንጣውን መኝታ ቤት እንዳያስገቡና እንደገና እንዲፈትሹት ነገርኳቸው።

ሁለተኛውን ርጭት በሄዱ ማግስት አስደረግን። በእኛ አልጋ ሥር በሳምንት አንድ፣ ሁለት እያለ ሲያዝ ቆይቶ የመጨረሻው የተያዘው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ባለሙያው ምንም ሳይያዝ ቢያንስ ሁለት ወር እስኪሞላ ሳህኖቹን አታንሺ ስላሉኝ አላነሳሁም። አሁን አምስት ወር ሆነ፣ አሁንም አሉ፤ ለምጃቸዋለሁ መሰለኝ።

እትዬ ከሄዱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው። «ከሻንጣው ሥር ወለሉ ላይ አገኘሁት፤ ብርጭቆ ደፍቼበታለሁ፤ እይልኝ» ይላል፤ ከሥሩ ፎቶ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አጎላሁት። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀላ ያለ ቡኒ። እግር ፈለግሁ። አንቴና ፈለግሁ። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ ስልኩን መለሰልኝና «ምስር ነው፤ ተኚ» አለኝ።